የገናሌን ውሃ ለመጠጥ ማብቃት፦ ከአሉም እስከ ቀሪ ክሎሪን

በዶሎ ኦዶ ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፈው የውሃ ምንጭ የገናሌ ወንዝ ነው። ወንዙ ከሲዳማና ከባሌ ደጋዎች ተነሥቶ የሊበንን ቆላ ያቋርጥና ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ኬንያ በሚገናኙበት ጥግ ከዳዋ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በታች የጁባ ወንዝ ይባላል። አካባቢው ጂፕሰምና የኖራ ድንጋይ የበዛበት በመሆኑ የጉድጓዱ ውሃ በብዙ ቦታ ጨው ያጠቃዋል። ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. የተከፈቱት አምስቱ የስደተኞች ጣቢያዎች፣ ማለትም ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂላዌይንና ቡራሚኖ፣ ውሃቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ወንዝ በሞተር እየተሳበና እየታከመ ነው።

የወንዝ ውሃ ማከም ሁለት ሥራዎች አሉት፦ ማጥራትና ጀርም መግደል። ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን ቢጨመር ክሎሪኑ ጀርሙ ላይ ሳይደርስ በጭቃውና በብስባሹ ያልቃል፤ በአፈር ቅንጣት ውስጥ የተደበቀው ተሕዋስም ይተርፋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ በተለመደው የክሎሪን መጠን ስለማይሞት ውሃውን በማጥራትና በማጣራት ካልተወገደ ክሎሪኑ አያግደውም።

1. የጥሬውን ውሃ ጠባይ መለካት

ሥራው በየጠዋቱ በሦስት ልኬቶች ይጀመራል።

የመጀመሪያው ድፍርስነት ነው። ለዚህ ግርጌው ላይ ምልክት ያለበት ረጅም ጥርት ያለ ቱቦ ይበቃል። ውሃው ቀስ እያለ ይፈስስበታል፤ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ምልክቱ የጠፋበት ቁመት ድፍርስነቱን ኤንቲዩ በተባለው መለኪያ ያሳያል። ክሎሪን የሚገባበት ውሃ ከ5 ኤንቲዩ በታች መሆን አለበት፤ ከ1 በታች ቢወርድ ይመረጣል። የገናሌ ውሃ የሚደፈርሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ በቆላው ላይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የሚጥለው የጉ ዝናብና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጥለው የደይር ዝናብ ነው። ሌላው የደጋው ክረምት ነው። ዶሎ ኦዶ ላይ ደመና ሳይታይ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ሊያድር ስለሚችል የሰማዩን ሁኔታ አይቶ የትናንቱን የመድኃኒት መጠን መድገም ያሳስታል።

ሁለተኛው የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ነው። ለማጥራት የሚጨመረው አሉም በደንብ የሚሠራው በ6.5 እና በ7.5 መካከል ሲሆን ክሎሪንም ከ8 በላይ ጉልበቱ በብዙ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ጨዋማነት ነው፤ በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መለኪያ ይታወቃል። አሉምም ሆነ ክሎሪን ጨውን አያስወግዱም። የሟሟው ማዕድን በሊትር ከ1,000 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ውሃው ለመጠጥ እየከበደ ይሄዳል፤ ሰውም ወዳልታከመ ምንጭ ይሸሻል። ስለዚህ ጨዋማ ጉድጓድን በመድኃኒት ለማስተካከል ከመድከም ምንጩን መቀየር ወይም ከወንዙ ውሃ ጋር መቀላቀል ይሻላል።

2. በአሉም ማጥራት

አሉም የሚባለው አሉሚኒየም ሰልፌት ነው። በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉት የሸክላ አፈር ቅንጣቶች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ለዚህም ነው ለቀናት ቢቀመጡ እንኳ የማይዘቅጡት። አሉሙ ሙሌታቸውን ያጠፋል፤ ቅንጣቶቹም ተያይዘው እንደ ጥጥ የላሉ ስብስቦች ይሆኑና በክብደታቸው ይዘቅጣሉ።

ትክክለኛው መጠን በግምት አይገኝም። የሚገኘው በማሰሮ ሙከራ ነው።

ሀ) 10 ግራም አሉም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይሟሟል። የዚህ ውህድ 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ ላይ ሲጨመር 10 ሚሊ ግራም አሉም ይሰጣል።

ለ) ስድስት ጥርት ያሉ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው በ1 ሊትር የወንዝ ውሃ ይሞላሉ። በሲሪንጅ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ሚሊ ሊትር ውህድ በየተራ ይጨመርባቸዋል።

ሐ) ሁሉም ለ1 ደቂቃ በኃይል፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝግታ ይማሰላሉ። የመጀመሪያው መማሰል አሉሙን በውሃው ሁሉ ያዳርሰዋል፤ ሁለተኛው ቅንጣቶቹ እንዲገናኙ ያደርጋል። በዝግታ መማሰል ሲገባው በኃይል የተማሰለ ውሃ የተያያዘውን መልሶ ይበትናል።

መ) 30 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ የላይኛው ውሃ ይለካል። ከ5 ኤንቲዩ በታች ካደረሱት መጠኖች ትንሹ ይመረጣል። መጠን መጨመር ሁልጊዜ ጥራት አይጨምርም፤ አሉም ሲበዛ ቅንጣቶቹ ተመልሰው ሊበተኑ ይችላሉ፤ ቀሪ አሉሚኒየምም በውሃው ውስጥ ይቀራል።

የተመረጠው 6 ሚሊ ሊትር ከሆነ መጠኑ በሊትር 60 ሚሊ ግራም ነው። ለ10,000 ሊትር ሮቶ 600 ግራም አሉም ያስፈልጋል ማለት ነው። አሉሙ ደረቁን አይጣልም። በባልዲ ተሟሙቶ፣ ሮቶው እየተሞላ ሳለ በመግቢያው ቧንቧ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይንጠባጠባል፤ የሚፈስሰው ውሃ ራሱ ያማስለዋል። ከሞላ በኋላ ሳይነካ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። የመውጫው ቧንቧ ከግርጌው ከፍ ብሎ መገጠም አለበት፤ አለዚያ ዝቃጩ ከውሃው ጋር ይወጣል። የአሸዋ ማጣሪያ ካለ የጠራው ውሃ በእሱ ያልፋል።

አሉም ውሃውን ወደ አሲድነት ይስበዋል። እያንዳንዱ 60 ሚሊ ግራም አሉም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 30 ሚሊ ግራም ያህል የውሃውን አሲድ የመመከት አቅም ይበላል። ከሙከራው በኋላ ፒኤቹ ከ6.5 በታች ከወረደ ጥቂት ኖራ ይጨመርበታል። ግርጌ የተጠራቀመው ዝቃጭ ከወንዙና ከጉድጓድ ርቆ በተቆፈረ ገንዳ ይደፋል፤ ወደ ወንዙ መመለስ ታች ያለውን ሰው መበደል ነው።

የሽፈራው ፍሬ ተፈልፍሎና ተወቅጦ ሲጨመርም በተመሳሳይ መንገድ ውሃ ያጠራል። ለአንድ ቤት እንስራ ይረዳል። ይሁንና ፍሬው ራሱ በውሃው ውስጥ ብስባሽ ስለሚተው የጠራውን ውሃ ማቆየት አይገባም፤ ክሎሪንንም አይተካም።

3. ክሎሪን እንዴት እንደሚሠራ

ክሎሪን በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ ይይዛል። አንዱ ሃይፖክሎረስ አሲድ ሲሆን ጀርም የሚገድለው በዋናነት እሱ ነው። ሌላው ሃይፖክሎራይት አዮን ሲሆን የመግደል ኃይሉ እጅግ ያነሰ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ7.5 ላይ ግማሽ በግማሽ ናቸው። በ6.5 ላይ ብርቱው 90 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በ8.5 ላይ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። እኩል ክሎሪን የያዙ ሁለት ውሃዎች እኩል ደኅንነት የማይኖራቸው ስለዚህ ነው።

ውሃ ውስጥ የገባው ክሎሪን ከፊሉ ከብረት፣ ከብስባሽና ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ ያልቃል። ይህ የውሃው ፍላጎት ይባላል። ከፍላጎቱ ተርፎ ነጻ የሚቆየው ነጻ ቀሪ ክሎሪን ነው። ውሃውን ከቦኖው እስከ መጠጫው የሚጠብቀው ይህ ትርፍ ነው።

4. የክሎሪን ውህድ ማዘጋጀት

በጣቢያዎችና በከተማ ውሃ አገልግሎቶች የተለመደው ኤች ቲ ኤች የሚባለው ዱቄት ነው፤ ከ65 እስከ 70 በመቶው ክሎሪን ነው። 1 በመቶ ውህድ ለማዘጋጀት 15 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ምንጊዜም ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስስም። ነጩ ዝቃጭ ከሰከነ በኋላ የላይኛው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ይወሰዳል። ዕቃው ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ብረት ክሎሪን ይበላዋል። ሥራው ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ በጓንትና በመነጽር ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ ክሎሪኑን በቦታው ከጨው ማምረት ነው። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 25 ግራም ጨው ተሟሙቶ በትንሽ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲለቀቅበት በሊትር 6 ግራም ያህል ክሎሪን የያዘ ፈሳሽ ይገኛል። ጨዋማ የሚባሉት የመዋኛ ገንዳዎች ክሎሪናቸውን የሚያገኙትም በዚሁ ዘዴ ነው። ፀሐይ የማይጠፋበት ቆላ መሣሪያውን በሶላር ማንቀሳቀስ ያስችላል፤ መድኃኒት ከአዲስ አበባ እስኪደርስ መጠበቅንም ይቀንሳል። ጨው ንጹሕ የገበታ ጨው መሆን አለበት። ከቦረናው ኤል ሶድ የሚወጣው ጭቃ የተቀላቀለበት ጥቁር ጨው ለከብት ይበጃል እንጂ ለዚህ አይሆንም። በመሣሪያው ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በአቼቶ ይጸዳል። በሥራው ላይ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣ ቦታው ክፍት፣ እሳትና ሲጋራም የራቁበት መሆን አለበት። ፈሳሹ ቶሎ ስለሚደክም በ24 ሰዓት ውስጥ ይሠራበታል።

ሙቀት የክሎሪን ጠላት ነው። ዱቄቱም ሆነ ውህዱ በፀሐይና በሙቀት ኃይሉን ያጣል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ በርሜል ላይ የተጻፈው መቶኛ አይታመንም። ስለዚህ የዱቄቱ መጋዘን ጥላ፣ ደረቅና አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። ኤች ቲ ኤች ከናፍጣ፣ ከዘይት፣ ከአሲድና ከአሉም ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥም። ከነዳጅ ጋር ሲነካካ እሳት ያስነሣል፤ ከአሲድና እርጥበት ካለው አሉም ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ይለቅቃል።

5. የክሎሪኑን መጠን መወሰን

ይህም በሙከራ ይገኛል።

ሀ) አራት የፕላስቲክ ባልዲዎች እያንዳንዳቸው በ20 ሊትር የጠራ ውሃ ይሞላሉ።

ለ) 1 በመቶ ከሆነው ውህድ 3፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሊትር በየተራ ይጨመርባቸዋል። 1 ሚሊ ሊትር በ20 ሊትር ውሃ ላይ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል።

ሐ) በደንብ ይማሰላሉ፤ 30 ደቂቃም ተከድነው በጥላ ይቆያሉ። ፒኤቹ ከ8 ካለፈ ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ይረዝማል።

መ) የየባልዲው ነጻ ቀሪ ክሎሪን ይለካል። በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም የተረፈበት ባልዲ መጠኑን ይነግራል።

ለምሳሌ 0.5 የተረፈው 5 ሚሊ ሊትር ከገባበት ባልዲ ቢሆን፣ የገባው ክሎሪን በሊትር 2.5 ሚሊ ግራም፣ የውሃው ፍላጎት ደግሞ 2 ሚሊ ግራም ነው። ለ10,000 ሊትር ሮቶ 5 ሚሊ ሊትሩ 500 ጊዜ ይባዛል፤ 2.5 ሊትር ውህድ ይሆናል። በጨው የተመረተው ፈሳሽ ከሆነ ለተመሳሳይ ሮቶ 4.2 ሊትር ገደማ ይበቃል። ውህዱ ሮቶው ሲሞላ አብሮ ይገባል፤ 30 ደቂቃው ሳይሞላም ቦኖ አይከፈትም።

6. ቀሪ ክሎሪን መለካት

ለዚህ ሥራ የሚውለው ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ ፑል ቴስተር ይባላል፤ በመዋኛ ገንዳ ዳር የሚታየው ያው ነው። ሁለት ክፍል አለው። በአንዱ ዲፒዲ ቁጥር 1 ክኒን ይሟሟና ሐምራዊ ቀይ ቀለሙ ከመደቡ ጋር እየተነጻጸረ ነጻ ክሎሪኑ ይነበባል። በሌላው ፌኖል ሬድ ክኒን ፒኤቹን ያሳያል። ክኒኑ በጣት አይነካም፤ ዕቃው ቀድሞ በሚለካው ውሃ ይለቀለቃል፤ ንባቡም ወዲያው፣ በጥላ ይደረጋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛ የዲፒዲን ቀለም ራሱ ያነጣዋል፤ መለኪያውም ባዶ ይመስላል። መድኃኒት በገባበት ውሃ ላይ ቀለም ከጠፋ ሌላ ክሎሪን ከመጨመር በፊት ውሃው በንጹሕ ውሃ አሥር እጥፍ ቀጥኖ እንደገና ይለካል። ቀለም ከታየ ችግሩ ብዛት ነበር።

7. ከቦኖ እስከ መጠጫ

በመደበኛ ጊዜ በቦኖ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ቀሪ ክሎሪን መገኘት አለበት። በኮሌራ ወቅት መጠኑ ከፍ ይላል፦ በቦኖ 1 ሚሊ ግራም፣ ቦቴ ሲሞላ 2 ሚሊ ግራም። ኮሌራ ለደቡቡ ቆላ የሩቅ ነገር አይደለም፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ሶማሌ ክልልም ተዛምቷል። በሊትር 5 ሚሊ ግራም የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ ነው።

ይሁን እንጂ በቦኖ ላይ የተነበበው ቁጥር በጀሪካን ውስጥ የሚጠጣው ውሃ ቁጥር አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የስደተኞች ጣቢያዎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአሥር ሰዓት ገደማ በኋላ በቤት ውስጥ 0.2 ሚሊ ግራም እንዲተርፍ በቦኖ ላይ ወደ 1 ሚሊ ግራም መነሣት ያስፈልግ ነበር። እንደ ዶሎ ኦዶ ባለ ሙቀት ክሎሪን ይበልጥ ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህ በየቀኑ ከጥቂት ቤቶች ጀሪካን ናሙና ይወሰዳል። በሚጠጣበት ሰዓት 0.2 ካልተገኘ በቦኖው ላይ ያለው መጠን ይነሣል። ጣዕሙ ሰዉን እንዳያሸሽ የሚነሣው ጥቂት በጥቂቱና ምክንያቱ ለነዋሪው እየተነገረ ነው። ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ አተላ ከያዘ የፈሰሰበት ክሎሪን ሁሉ በዚያ ያልቃል፤ በጠጠርና በበረኪና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ ከክዳኑ ጋር ይመለሳል።

ቦኖ በማይደርስበት ቤት ውሃ አጋር የተባለው ፈሳሽ ወይም ቢሻን ጋሪ የተባለው ዱቄት ያገለግላል። ውሃ አጋር ክሎሪን ብቻ ስለሆነ ለጠራ ውሃ ይሆናል። ቢሻን ጋሪ ማጥሪያና ክሎሪን አንድ ላይ ስላለው ለድፍርስ ውሃ ይመረጣል፤ አንዱ ፓኬት 20 ሊትር ያክማል፤ የጠራው ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ ይጠጣል።

8. ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ቀሪ ክሎሪን በድንገት ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የወንዙ መደፍረስ ነው፤ ቀጥሎ የደከመ ውህድ፣ በመጨረሻም የተሰበረ ቧንቧ። መልሱ በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈለጋል፤ ድፍርስነቱ ይለካል፣ አዲስ ውህድ ይበጠበጣል፣ መሥመሩ ይታያል። የክሎሪን ሽታ እጅግ ከበረታ ደግሞ ክሎሪኑ በዝቷል ብሎ መደምደም ያሳስታል። ብዙ ጊዜ ሽታው የሚመጣው ከአሞኒያ ጋር ከተዋሐደው ክሎሪን ነው፤ ወደ ወንዙ የከብት ወይም የሰው ቆሻሻ መግባቱን ይጠቁማል።

የፓምፕ መለዋወጫ፣ የአንድ ወር አሉምና ክሎሪን፣ የዲፒዲ ክኒንም ሁልጊዜ በመጋዘን መኖር አለባቸው። በዚህ ቆላ የውሃ መቋረጥ የሚያስከትለው ምን እንደሆነ ታሪክ አሳይቷል፤ በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ጉዳይ ነበር፤ አመፁም ለአብዮቱ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆነ።

9. መዝገብ

በየቀኑ የጥሬው ውሃ ድፍርስነትና ፒኤች፣ የገባው አሉምና ክሎሪን፣ በሮቶ መውጫ፣ በመጨረሻው ቦኖና በጀሪካን የተነበበው ቀሪ ክሎሪን፣ የለካውም ሰው ስም በአንድ ደብተር ይጻፋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ደብተሩ ወንዙ በየትኛው ወር ምን ያህል መድኃኒት እንደሚፈልግ ይናገራል፤ ግዢውም በእሱ ይታቀዳል። ውሃው ለመጠጥ በቅቷል የሚባለው ጥርት ብሎ ስለታየ አይደለም፤ በጀሪካኑ ውስጥ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ሲነበብ ነው። ይህን ንባብ አንድም ቀን አለማቋረጥ የውሃ ሠራተኛው ዋና ግዴታ ነው።